ዝም ይነቅዛል

«በዚህ ዕድሜህ የአውሮፕላን አብራሪ ጀብዱ ታነባለህ?»

እንዲህ ያሉኝ በንባባቸው ስፋት የማከብራቸው፣ «ጋሼ» ብዬ የምጠራቸው አንድ የሥነ ጽሑፍ ሰው ናቸው። በእጄ የነበረው የሩሲያዊው ደራሲ የቬንያሚን ካቬሪን «ሁለቱ ካፒቴኖች» የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ጋሼ መጽሐፉን ተቀበሉኝ፤ ሽፋኑን አዩ፤ ጥቂት ገጾች ገለጡና መለሱልኝ። «መልካም የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ያውም የስታሊንን ሽልማት ያገኘ» አሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻገሩ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍርድ! እኔም ታላቅ ማክበር ይዞኝ ዝም አልሁ። አበው «ዝም አይነቅዝም» ብለዋልና ዝምታዬ ሳይበላሽ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ሲሰነብት ግን ነቀዘብኝ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ያልመለስሁት መልስ ነው።

አስቀድሜ መጽሐፉን ላላነበቡ ወገኖች ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ሳንያ ግሪጎሪየቭ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ የሚኖር የድኻ ልጅ ነው። ይሰማል፤ ይገባዋል፤ መናገር ግን አይችልም። አንድ ሌሊት ሸርጣን ሊያጠምድ ወጥቶ ሳለ በድልድዩ አጠገብ አንድ ዘበኛ ሲገደል ያያል። ልጁ በድንጋጤ ሲሸሽ ጥሎት የሄደው የአባቱ ቢላዋ በሬሳው አጠገብ ይገኛል፤ አባትየውም በነፍሰ ገዳይነት ይያዛል። ገዳዩ እርሱ እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ምስክር ብቻ አለ፤ እርሱም ዲዳ ነው። አባት በእስር ቤት ይሞታል።

በዚያው ወንዝ ሰጥሞ የሞተ የአንድ ፖስተኛ ቦርሳም ይገኛል። ጎረቤታቸው አክስት ዳሻ በውሃ የራሱትን ደብዳቤዎች አድርቃ በክረምት ምሽቶች ለተሰበሰበው ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። መናገር የማይችለው ልጅ ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥም በቃሉ ይይዛል። ከደብዳቤዎቹ መካከል በሰሜን ዋልታ በረዶ ተይዛ ስለ ጠፋች መርከብ የሚናገር ይገኝበታል። ኋላ ሳንያ በአንድ ደግ ሐኪም ርዳታ አፉን ይፈታል፤ ተንከራቶ ሞስኮ ይደርሳል፤ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ካትያ ከምትባል ልጅ ጋር ይተዋወቃል። የካትያ አባት ካፒቴን ታታሪኖቭ «ቅድስት ማርያም» በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው። ያ በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ደብዳቤ ለማን የተጻፈ እንደነበረ ሳንያ የሚረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሕይወቱ ነገር ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ካትያን መውደድና የአባቷን ዱካ መፈለግ። አብራሪ የሚሆነውም ወደዚያ በረዶ የሚያደርሰው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ጋሼ፤ ከመጀመሪያው ፍርድዎ ልነሣ።

«የልጆች መጽሐፍ» የሚለው ቃል በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አፍ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ይሮጣል፣ ይባረራል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ነፍሱ ግን አትታይም ማለት ነው። ጀብዱና ጥልቀት በአንድ ቤት አያድሩም የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለን። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣልን አላውቅም። በእኛው አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ከራሳችን ላይ ያላወረድነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስደትም ሽፍታም አስጨናቂ መንገድም ያለበት መጽሐፍ መሆኑን ግን አውቃለሁ። በዛብህን በመንገድ ላይ ሽፍታ ሲያገኘው «ይህማ የልጆች ነገር ነው» ብሎ መጽሐፉን ያጠፈ አንባቢ እስከ አሁን አልገጠመኝም። ጀብዱ የሚያዋርደን የሌላ አገር ሰው ሲጽፈው ብቻ ነውን?

አዎን፤ ልጆች «ሁለቱ ካፒቴኖች»ን ይወዱታል። የደራሲው የትውልድ ከተማ በሆነችው በፕስኮቭ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ፊት ሐውልት እስከ መቆም ደርሶለታል። አጋጣሚም ይበዛበታል፤ የተለያየ ሰው ሁሉ በሚፈለግበት ሰዓት በሚፈለግበት ቦታ ይገኛል። ይህን አልክድም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ይህን መጽሐፍ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትልቁ ጀብዱ በረራ አይደለም፤ ንባብ ነው።

እንመልከት። ሳንያ በበረዶ ማዕበል ተይዞ ከሰሜኑ ነዋሪዎች ከኔኔቶች መንደር ያርፋል። እዚያ የሚያገኘው ሀብት ወርቅም ካርታም አይደለም፤ የመርከቢቱ ስም የተቀረጸበት መንጠቆ ያለው የጀልባ ዘንግ ነው። ከልጅነቱ ሐኪም እጅ የሚደርሰውም የመርከቢቱ መኮንን የክሊሞቭ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ፊደሉ የተበላሸ፣ ለማንበብ ተስፋ የሚያስቆርጥ። ወጣቱ አብራሪ ከበረራ የተረፈውን ሌሊት ሁሉ በዚያ ደብተር ላይ አቀርቅሮ ቃል በቃል ሲፈታው እናያለን። በጀብዱ መጻሕፍት ጀግናው ሽጉጥ ይመዝዛል፤ ይህኛው ግን ምናባዊ ሙግቱን ሁሉ የሚያካሂደው በወረቀት ነው።

የጠላትየውንም ነገር ልብ ይበሉ። ኒኮላይ አንቶኒች የካፒቴኑ የአጎት ልጅ ነው። ለጉዞው ስንቅና ዕቃ ያዘጋጀው እርሱ ነው፤ መርከቢቱ ለሞት የተላከችውም በዚያው ብልሹ ስንቅና ዕቃ ነው። ካፒቴኑ ሳይመለስ ሲቀር ይህ ሰው ራሱን የሟቹ ደጋፊና ባለ ውለታ አድርጎ ያቀርባል፤ ትምህርት ቤት ያስተዳድራል፤ መበለቲቱን ማሪያ ቫሲሊየቭናን ያገባል። ሳንያ ደብዳቤውን በቃሉ ሲያነበንብ በመካከል «ኒኮላይ» የሚል ስም ይወጣል። ሰውየው ምን ይላል? «ሌላ ኒኮላይ ነው» ይላል። ውሃ የበላው መስመር፣ ያልተሟላ ስም፣ ሁለት ትርጓሜ፤ ክርክሩ የአንድምታ ጉባኤ እንጂ የሽፍታና የአሳዳጅ ሩጫ አይደለም። ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀውስ በምንድን ነው? ካፒቴኑ ሚስቱ በደስታው ዘመን ባወጣችለት የቁልምጫ ስም መፈረሙ ነው፤ «የጭልፊት ጥፍር» የሚል፣ ከአሜሪካ ሕንዶች የጀብዱ ተረት የወጣ የሚመስል ስም። ያን ስም ከባልና ከሚስት በቀር ሊያውቀው የሚችል አልነበረም። ጋሼ፤ እርስዎ የናቁት የልጆች ጀብዱ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የእውነት ማኅተም ሆኖ ይገባል!

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ማሪያ ቫሲሊየቭና እውነቱን ከሰማች በኋላ መርዝ ጠጥታ ትሞታለች። ሳንያ አንድ ጊዜ መናገር ባለመቻሉ አባቱን አጥቷል፤ አሁን ደግሞ በመናገሩ የሚወዳት ልጅ እናቷን ታጣለች። ኒኮላይ አንቶኒችም «ገዳይዋ ይህ ልጅ ነው» ይላል፤ ካትያም ፊቷን ታዞርበታለች። የልጆች መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ እውነት ሲገለጥ ክፉው ይወድቅና ደጎቹ ይተቃቀፉ ነበር። እዚህ ግን እውነት የመጀመሪያ ዋጋዋን የምትጠይቀው ከንጹሓን ነው። እኔ በዚህ ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ። «ባይናገርስ ኖሮ?» ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። «በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ» ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ድምፅም ተሰምቶኛል። ካቬሪን ጥያቄውን በመፈክር አይዘጋውም። ሳንያ ትክክል ስለመሆኑ ጓደኞቹ ሲያጽናኑትም አይጽናናም። የሚቀርለት አንድ መንገድ ነው፤ የተናገረውን ነገር እስከ ጫፉ ድረስ ማረጋገጥ። ከዚያ በኋላ የሚበርረው በረራ ሁሉ የዚህ ዕዳ ክፍያ ነው።

ፍቅሩም ከዚህ አይለይም። ብዙ ጊዜ በጀብዱ መጻሕፍት ሴቲቱ ከተራራው ማዶ የምትጠብቅ ሽልማት ናት። ካትያ ግን የሥነ ምድር ባለሙያ ናት፤ የመጽሐፉን አንድ ክፍል የምትተርከውም ራስዋ ናት። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ሮማሾቭ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ገና ተማሪ ሳለ ልጆች የሚናገሩትን እየጻፈ ለአስተዳዳሪው የሚያቀብል ጆሮ ጠቢ። በጦርነቱ ጊዜ ይህ ሰው የቆሰለውን ሳንያን በጫካ ጥሎ ሽጉጡንና ሰነዶቹን ይዞ ይሄዳል፤ ኋላም በተከበበችው ሌኒንግራድ ወደ ካትያ መጥቶ እንደ ታማኝ ወዳጅ ያወራል። ካትያ በረሃብና በቅዝቃዜ መካከል ሆና መወሰን ያለባት የፍቅር ጥያቄ ነው ወይስ የምስክርነት? ሁለቱንም ነው። ማንን አምናለሁ? የትኛው ቃል የማን ነው? በዚህ መጽሐፍ መውደድ ማለት የአንድን ሰው ቃል ከሌላው ቃል ለይቶ ማወቅ ነው። ለካፒቴኑ መበለት ያልተቻላት ይህ ነበር፤ ልጇ ተቻላት።

ወደ ሁለተኛው ፍርድዎ ልሻገር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉ በ1938 ለወጣቶች በሚታተም መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1944 ተፈጸመ፤ በ1946 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህም የባሰ እውነት አለ፤ ሳንያ በሚኖርባት በ1930ዎቹ ሩሲያ ማንም በሌሊት በሩ አይንኳኳም፤ ጎረቤት ታፍሶ አይጠፋም። ያ ዝምታ የመጽሐፉ ጉድለት ነው፤ አላስተባብልለትም።

ነገር ግን ፈራጅ የሆነ ሰው መዝገቡን ሙሉውን ያንብብ። የካቬሪን ታላቅ ወንድም ሌቭ ዚልበር ስመ ጥር የቫይረስ ተመራማሪ ነበር። በ1937 በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የመዥገር አንጎል ብግነት የሚያመጣውን ቫይረስ ካገኙት ሳይንቲስቶች ዋነኛው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ታሰረ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ታስሮ በመጨረሻ የተፈታው በ1944 ነው። ካቬሪን ስለ አንድ በሐሰት የታሰረ አባትና መናገር ስለማይችል ልጅ የጻፈው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በድብቅ ቋንቋ የተቃውሞ መጽሐፍ ጻፈ አልልም፤ እንዲህ ያለው ትርጓሜ ራስን ማታለል ይሆናል። የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ጆሮ ጠቢውን ከሁሉ የሚያስጸይፍ ሰው አድርጎ ለወጣት አንባቢ ማቅረብ፣ በሟች ስም የተከበረን ባለ ሥልጣን ሌብነት ፍርጥ አድርጎ ማሳየት፣ ፕሮፓጋንዳ የሚያዝዘው ሥራ አይደለም።

ልብ ወለዱ የተነሣውም ከሰው ሕይወት ነው። በ1936 ካቬሪን በሌኒንግራድ አቅራቢያ በአንድ ማረፊያ ቤት ሳለ አንድ ወጣት የዘረመል ሊቅ የልጅነት ታሪኩን አጫወተው፤ ሚኻይል ሎባሼቭ ይባላል። ወላጅ አልባ ሆኖ ያደገ፣ በልጅነቱ አንደበቱ የታሰረ፣ በፈቃዱ ብርታት ሊቅ የሆነ ሰው። የሳንያ ጠባይ ከእርሱ ተቀዳ። በ1948 የሊሴንኮ ወገን የዘረመልን ሳይንስ በመንግሥት ትእዛዝ ባስወገዘ ጊዜ ሎባሼቭ ከዩኒቨርሲቲ ሥልጣኑ ተባረረ። የበረራውን ሥራ ያስተማረው ደግሞ ሳሙኤል ክሌባኖቭ የተባለ አብራሪ ነው፤ እርሱም በጦርነቱ ሞተ። የካፒቴን ታታሪኖቭም ታሪክ እንዲሁ ከምንም አልተፈጠረም። በ1912 ሦስት የሩሲያ መርከቦች ወደ ሰሜን በረዶ ሄደዋል፤ የሴዶቭ፣ የሩሳኖቭና የብሩሲሎቭ። ሴዶቭ በ1914 በጉዞ ላይ ሞተ፤ ነጋዴዎች ያቀበሉት የጨው ሥጋም የበሰበሰ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ሩሳኖቭ እንደ ወጣ ቀረ። ከብሩሲሎቭ መርከብ ወርደው በበረዶ ላይ በእግር ከተጓዙት ውስጥ በሕይወት የደረሱት መኮንኑ አልባኖቭና መርከበኛው ኮንራድ ብቻ ናቸው። የልብ ወለዱ ክሊሞቭ በአልባኖቭ አምሳል ተቀረጸ። ልጆቹ በወጣትነታቸው የሚምሉበትን መሐላስ ፓርቲ ያወጣው መፈክር መስሎዎት ይሆን? የእንግሊዛዊው ባለ ቅኔ የቴኒሰን «ዩሊሲስ» መዝጊያ ስንኝ ነው፤ በ1913 በአንታርክቲካ ለካፒቴን ስኮትና ለጓዶቹ መታሰቢያ በቆመው መስቀል ላይ የተቀረጸው። የስታሊንን ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ወጣቶቹን ያስማለው በአንድ የእንግሊዝ ሎርድ ግጥም ነው።

ደራሲውስ? ዝም ብሎ አረጀን? በ1968 የሶልዠኒትሲን «የካንሰር ክፍል» እንዳይታተም ሲታገድ ካቬሪን ለወጣትነት ጓደኛው ለኮንስታንቲን ፌዲን ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ወዳጅነታቸውን አፈረሰ። ፌዲን በዚያን ጊዜ የደራስያን ማኅበር መሪ ነበር። ስለ ስታሊን ዘመን ያየውንም «ኤፒሎግ» በሚል ትዝታ መጽሐፍ ጽፎ አስቀመጠ፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ በሞተበት በ1989 ነው። እንደ ሳንያ እርሱም ዘግይቶ አፉን ፈታ። የዘገየ ምስክር ይወቀሳል፤ ግን ምስክር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። በ2001 ይህ ልብ ወለድ «ኖርድ ኦስት» በሚል ስም ሙዚቃዊ ቴያትር ሆኖ በሞስኮ ዱብሮቭካ ታየ። በጥቅምት 23 ቀን 2002 ሁለተኛው ክፍል ተጀምሮ የአብራሪ ልብስ የለበሱ ተዋንያን ሲጨፍሩ የታጠቁ የቼቼን ታጣቂዎች ወደ መድረኩ ወጡ። ከተመልካቹ ብዙው ሰው የቴያትሩ አንድ ትዕይንት መስሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን የጸጥታ ኃይሎች የሚያደነዝዝ ጋዝ ለቀው ገቡ። በመንግሥት ቁጥር 130 ታጋቾች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የሞቱት በጥይት ሳይሆን በዚያ ጋዝና ርዳታው በመዘግየቱ ነው። ለማዳን የተሰለፉት ሐኪሞች ጋዙ ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2011 የማዳኑ ሥራ በበቂ እንዳልተዘጋጀ ፈረደ። የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ አልተናገረም፤ ሰው ሞተ። አንድ ልጅ መናገር ባለመቻሉ አባቱን ያጣበትን ታሪክ ሊያዩ የመጡ ሰዎች፣ መናገር በሚችሉ ሰዎች ዝምታ ሞቱ። ይህን ካነበብሁ በኋላ መጽሐፉን የልጆች ብዬ ልጠራው አልቻልሁም።

ጋሼ፤ ያን ቀን ዝም ያልሁት እርስዎን አክብሬ ነው። አሁንም አከብርዎታለሁ። የማልቀበለው ግን መጻሕፍትን ሳንከፍት በመደርደሪያ የምናከፋፍልበትን ልማድ ነው፤ ይህ ጀብዱ ነው፣ ያ ፍቅር ነው፣ ይህ የልጆች፣ ያ የካድሬ እያልን። እንዲህ እያልን ስንት ምስክር ሳንሰማ አሰናበትን?

መጽሐፉን በፖስታ ልኬልዎታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች፣ አክስት ዳሻ ደብዳቤዎቹን እስከምታነብበት ድረስ ብቻ ያንብቡልኝ። ከዚያ በኋላ ፍርድዎ ያው ከሆነ ይንገሩኝ፤ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ግን እኔም ዝም አልልም።